ሲዲዎቻችሁን ከመጣላችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ለዓመታት ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። አሁን በዚያው ክፍል ስልክ እጠግናለሁ፣ ሰው የራሱን ሲዲ ሲያመጣልኝም ወደ ፍላሽ እገለብጥለታለሁ። ቤት ያጸዳ ሁሉ በፌስታል ሙሉ ሲዲ ይዞ ይመጣና "ከእንግዲህ ይሄ ምን ይሠራል? ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ" ይለኛል። ሁሉም የለም። ያለውም ቢሆን ስም አጥቶ ነው ያለው።

የዘፋኙን ስም ማለቴ አይደለም፣ እሱማ ይታወቃል። የኦርጅናል ሲዲ ሽፋን ገልጣችሁ አንብቡ። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ሳክስፎን ማን ነፋ፣ የት ስቱዲዮ ተቀዳ፤ ሁሉም እዚያች ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ከሽምብጥ ሰፈር አንዲት እናት ልጃቸው ክራር የመታበትን ሲዲ አምጥተውልኝ ነበር። ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ፈልገን አገኘነው። የልጃቸው ስም ግን የተጻፈው ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ታች ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል። እኔ ሲዲ ዛሬም ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። አምሃ ሬከርድስ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸክላ ያሳተማቸው ብዙ ዘፈኖች ኋላ ኢትዮፒክስ በተባሉት ሲዲዎች እንደገና ሲወጡ፣ አብሮ በወጣው ጽሑፍ እንደ ግርማ በየነ ያሉ አቀናባሪዎችም በስማቸው ተጠርተዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው፣ ሲዲውን ወደ ፍላሽ ወደ መገልበጡ።

መጀመሪያ ኦርጅናሉን ከኮፒው ለዩ። ሲዲውን በጀርባው አዙሩና መስኮት ላይ በብርሃን እዩት። ፋብሪካ የታተመው ከሥሩ ጥርት ያለ ብርማ ነው። ኮምፒውተር ላይ በርን የተደረገው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ይመታል። ይሄኛው ድምፁን የያዘው በቀለም ላይ ነው፣ ቀለሙን ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። የሚያዝያን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ግልበጣውን ከኮፒዎቹ ጀምሩ፤ ኦርጅናሉ ትንሽ ይታገሳል።

ከዚያ አጽዱ። ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ በቃ። ስትጠርጉ ከመሀል ቀዳዳው ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ነው፣ እያዞራችሁ አይደለም። ድምፁ የተጻፈው ከመሀል ጀምሮ እየዞረ ወደ ውጭ በሚሄድ መስመር ነው። መስመሩን አቋርጦ ያለፈ ጭረት የሚነካው ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ስለሆነ ማጫወቻው ራሱ ያስተካክለዋል። መስመሩን ተከትሎ የሄደ ጭረት ግን ረጅም ቦታ ይደመስሳል። ኮልጌት፣ ቤንዚን፣ አሴቶን አታስጠጉ! ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። ይበልጥ ስስ የሆነው ጽሑፍ ያለበት ጎን ነው። ከሥር ከ1 ሚሊሜትር በላይ ፕላስቲክ አለ፣ ከላይ ግን ብርማውን ሽፋን የሚጠብቀው ስስ ቫርኒሽና የጽሑፉ ቀለም ብቻ ነው። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ስቲከርም አትለጥፉ።

አሁን ግልበጣው። ላፕቶፓችሁ የሲዲ ቦታ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ራይተር ተዋሱ። ሲዲውን በዊንዶውስ ስትከፍቱት "ትራክ 01"፣ "ትራክ 02" የሚሉ ፋይሎች ይመጣሉ። ብዙ ሰው እነሱን ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ ፔስት ያደርጋል። በሰከንድ ያልቃል። ቤት ሄዶ ሲከፍተው ድምፅ የለም! እያንዳንዱ ፋይል 44 ባይት ብቻ ነው፣ ዘፈኑ የት እንደሚጀምር የሚጠቁም እንጂ ዘፈኑ አይደለም። በትክክል የሚገለብጥ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። እኔ የምጠቀመው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒን ነው። አልነበብ ያለውን ቦታ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ካቃተውም የትኛው ሰከንድ ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ፎርማት ምረጡ ሲላችሁ ፍላክ (FLAC) በሉ። ሲዲ ላይ የአንድ ደቂቃ ድምፅ 10 ሜጋባይት ያህል ነው። 128 ኪሎቢት የሆነው ኤምፒስሪ 1 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ያስቀራል። ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ መጠኑን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ለስልክ የሚሆን ኤምፒስሪ ከፍላኩ በፈለጋችሁ ጊዜ ታወጣላችሁ፤ ከኤምፒስሪ ተመልሶ ግን ሙሉው ድምፅ አይገኝም።

ስሞቹን ራሳችሁ ጻፉ፣ በአማርኛ። ከኢንተርኔት የሚመጣው ዝርዝር ለአማርኛ አልበም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው ወይ የተሳሳተ ነው። ግጥምና ዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን፣ ተጫዋቾቹን አንድም ሳታስቀሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የሥራው ትልቁ ክፍል ይሄ ነው። ሽፋኑንም ከፊት፣ ከኋላና ከውስጥ ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተቱ።

የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለግል የሚሆን አንድ ቅጂ ይፈቅዳል። ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የደራሲውን እንጀራ መንካት ነው።

ሲዲውን የት ታስቀምጡት? ከቆርቆሮው ሥር ቁም ሳጥን አናት ላይ አይሁን፣ ይግላል። ሲሚንቶ ወለል ላይም አይሁን። ክረምት ላይ፣ በተለይ ጣና ዳር ላለ ቤት፣ እርጥበቱ ወረቀቱን ያሻግተዋል። በፌስታል አስራችሁ አታፍኑት። መሀል መደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ አቁሙት። ቦታ ከጠበባችሁ ፕላስቲክ ሳጥኑን ጣሉና ሲዲውንና የሽፋኑን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ፖስታ ውስጥ ክተቱ፤ ፖስታው ላይም የአልበሙን ስም ጻፉበት።