ትናንት ይሠራ የነበረ ኮድ ዛሬ እምቢ ሲል

አንዲት ተማሪዬ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የ2000ን ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 2000 ያሉትን ቁጥሮች ብዜት) አስልቶ የሚያትም አጭር የፓይተን ኮድ ሰጥቻት ነበር። እኔ ጋ 5736 አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። እሷ ጋ ኤረር። «ሁለታችንም እኮ 3.10 ነው ያለን» አለችኝ። ልክ ናት፤ ግን ሦስተኛውን ቁጥር አላየነውም። የእኔ 3.10.6፣ የእሷ 3.10.7 ነበር።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ቨርዥኑን እስከ መጨረሻው አሃዝ ጻፉ፤ የሚሠራበትንም፣ የማይሠራበትንም። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ሞክሩ። ልዩነቱ አሁንም ካለ ላፕቶፑን አትጠርጥሩ።

ቀጥሎ ኮዱን አሳንሱት። እኛ ፋክቶሪያሉን ብናወጣውም ኤረሩ አልጠፋም። 10**5000ን (10 በራሱ 5000 ጊዜ ሲባዛ የሚወጣውን ቁጥር) ማተም ብቻ በቂ ሆነ። ስሌቱ ደህና ነው፤ የሚወድቀው ቁጥሩ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ነው። እዚህ ድረስ ሳትደርሱ ፓይተን ራሱ ወደተጻፈበት ሶርስ ኮድ አትግቡ።

አሁን የፓይተንን ሶርስ ኮድ ከጊትሃብ አውርዱና ጊት ባይሴክትን አስነሱ፤ ችግሩን ያመጣውን ለውጥ በግማሽ በግማሽ እየከፈለ የሚፈልግ የጊት ትእዛዝ ነው። 3.10.6ን «ጉድ»፣ 3.10.7ን «ባድ» በሉት። መሃል ላይ ያለውን ኮሚት (በኮዱ ላይ የተመዘገበ አንድ ለውጥ) ያወጣላችኋል። ቢልድ አድርጋችሁ (ሶርስ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይራችሁ) ትሞክራላችሁ፣ ውጤቱን ትነግሩታላችሁ። በየዙሩ ግማሹ ይቀራል። 1000 ኮሚት ቢኖር እንኳ 10 ዙር ገደማ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መሞከር ያለባችሁ አሁን ቢልድ ያደረጋችሁትን ፓይተን ነው። በልማድ «ፓይተን3» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀድሞ የተጫነው ይነሳል፤ ሁሉም ኮሚት አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣችኋል። ሊኑክስ ላይ ./python ብላችሁ ጻፉ። ማክ ላይ ፋይሉ መጨረሻው «.ኢኤክስኢ» ሆኖ ይወጣል፤ አትደናገጡ። እዚያው ቦታ «ፓይተን» የሚባል ፎልደር ስላለና ማክ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለማይለይ ነው።

በእጅ መሞከር ከሰለቻችሁ «ባይሴክት ራን» በስክሪፕት ይሠራላችኋል። ስክሪፕቱን ከሶርስ ኮዱ ፎልደር ውጭ አስቀምጡት። ደህና ከሆነ 0፣ ከተበላሸ 1 ይመልስ። ቢልዱ ራሱ ከከሸፈ ግን 125 ይመልስ፤ ጊት ያንን ኮሚት ይዘለዋል። ይህን ከረሳችሁ ቢልዱን የሚሠራው የ«ሜክ» ትእዛዝ ኤረር 2 ሆኖ ያልፋል፣ ጊትም «ባድ» ነው ብሎ ምንም ያላጠፋ ኮሚት ላይ ያደርሳችኋል።

ኮሚቱ ሲገኝ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የእኛው ሆን ተብሎ የተደረገ ነበር። በጣም ረጅም ቁጥር ከጽሑፍ ወደ ቁጥር ወይም ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ሲቀየር የሚፈጀው ጊዜ በአሃዙ ብዛት ካሬ ስለሚያድግ፣ ተንኮለኛ ሰው በዚህ ሰርቨር ሊያንቅ ይችላል። ስለዚህ በ2022 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር ላይ የ4300 አሃዝ ገደብ ተደረገ። ወደ ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት ወደሚጻፍ ቁጥር) ሲቀየር ገደቡ አይነካውም። ተማሪዬ ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው «ሲስ» (sys) ሞጁል በኩል ገደቡን 0 አደረገችውና ቁጥሩ ወጣላት። እንደዚያ የሚደረገው ግን ከውጭ ሰው ቁጥር በማይቀበል ኮድ ላይ ብቻ ነው።

የእናንተው ሳይታሰብ የገባ ስህተት ከመሰላችሁ፣ ያንን ኮሚትና ከእሱ በፊት ያለውን ለየብቻ ከዜሮ ቢልድ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሞክሩ። ሌላ ሰው ሪፖርት አድርጎት እንደሆነም ፈልጉ። ከሌለ አጭሩን ኮድ፣ ሁለቱን ቨርዥኖች፣ የኮሚቱን ቁጥርና ሙሉውን ኤረር አያይዛችሁ በፓይተን የጊትሃብ ገጽ ላይ ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ክፈቱ።