ወላጅን ከሌላ ስቴት ስታመጡ የነዋሪነት ወረቀቱን እንዴት ትጨርሳላችሁ

እናታችሁን ወይ አባታችሁን አሜሪካ ውስጥ ከሌላ ስቴት እናንተ ጋ ልታመጡ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን ያዙ፣ "6 ወር ሳይኖሩ ሜዲኬይድ (ስቴቱ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የጤና ሽፋን) አያገኙም" የሚባለው ወሬ ውሸት ነው። በፌደራል ህጉ ስቴቱ ይሄን ያህል ጊዜ ኑሩና ኑ ማለት አይችልም፣ እዛ እየኖሩ ከሆነና ሀሳባቸው እዛው መቅረት ከሆነ ነዋሪ ናቸው አለቀ። ይሄን ወሬ አምኖ ወላጁን ያለ መድሃኒት የሚያስቀምጥ ሰው ስላለ ነው ቀድሜ የምናገረው።

ዋናው ችግር ማስረጃው ነው። ቤቱ በናንተ ስም፣ መብራቱም ውሃውም በናንተ ስም፣ እሳቸው ጋ አንድም ወረቀት የለም። ስለዚህ ስማቸውና አዲሱ አድራሻ አንድ ላይ ያለበት ወረቀት ከመጀመሪያው ሳምንት ማጠራቀም ጀምሩ። ሶሻል ሴኩሪቲ ደውላችሁ (1-800-772-1213) አድራሻ ካስቀየራችሁ በኋላ የጥቅማጥቅም ደብዳቤ በአዲሱ አድራሻ ይላኩልን በሉ፣ ባንካቸውም እንደዛው፣ ስቴትመንቱ በፖስታ ይምጣ። ሪል አይዲ (የፌደራሉን መስፈርት የሚያሟላ የስቴት መታወቂያ) ለማውጣት ሁለት የአድራሻ ማስረጃ ስለሚጠየቅ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ቦታ ይበቃሉ፣ ካልሞላ ደግሞ "እኔ ጋ ነው የሚኖሩት" ብላችሁ የምትፈርሙበት ፎርም የሚቀበሉ ስቴቶች አሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የዲኤምቪውን (መታወቂያ የሚሰጠው የስቴት ቢሮ) ዌብሳይት እዩት።

ኤስኤስአይ (ሶሻል ሴኩሪቲ ገቢያቸው ዝቅ ላለ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚከፍለው ብር) የሚያገኙ ከሆነ እናንተ ቤት መግባታቸውን ለሶሻል ሴኩሪቲ በተከታዩ ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ብር ይጎድልበታል፣ ምክንያቱም ልጅ ቤት በነፃ መኖር እንደ እርዳታ ተቆጥሮ ክፍያው ሊቀነስ ይችላል (ምግብ ከሴፕቴምበር 30, 2024 ጀምሮ አይቆጠርም፣ ማደሪያው ግን ይቆጠራል)። የቤት ወጪ ድርሻቸውን ከገንዘባቸው የሚከፍሉ ከሆነ የኪራይ ስምምነት በፅሁፍ አድርጉት፣ መጠኑ ቀኑ የሁለታችሁም ፊርማ ይኑርበት፣ ክፍያውም በባንክ ይለፍ። ለኤስኤስአዩም ይጠቅማል፣ ብዙ ቦታ ለአድራሻ ማስረጃም ይሆናል። ግን በእውነት የሚከፈል መሆን አለበት፣ ለወረቀት ብቻ እንዳታደርጉት።

ሜዲኬይድ ከስቴት ወደ ስቴት አይዛወርም። የድሮውን ታዘጋላችሁ፣ አዲሱን እንደገቡ ወዲያው ታመለክታላችሁ፣ ለሁሉም ቢሮ የምትሰጡት ወደ አዲሱ ስቴት የገቡበት ቀን አንድ ይሁን፣ ቀኑ ሲለያይ ነው ኬዙ የሚጓተተው። ውሳኔው እስከ 45 ቀን፣ በአካል ጉዳት ከሆነ ደግሞ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ከመነሳታቸው በፊት መድሃኒታቸውን ሪፊል አስደርጉ፣ በመሀል የሚመጣውን የህክምና ቢል አትጣሉ፣ ወደኋላ ተቆጥሮ ሊሸፈን ይችላል። እቤት ድረስ የሚመጣ ተንከባካቢ የነበራቸው ከሆነ የተፈቀደላቸው የእርዳታ ሰዓት አብሮ አይመጣም፣ እንደ አዲስ ይገመገማሉ፣ ወረፋም ሊኖረው ስለሚችል ሜዲኬይዱን ባመለከታችሁበት ቀን ጠይቁ።

ኦሪጅናል ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን በቀጥታ ከፌደራል መንግስት የሚሰጠው የጤና ሽፋን) አሜሪካ ውስጥ የትም ይሰራል። አድቫንቴጅ (ሜዲኬርን በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጥ ፕላን) ወይም የመድሃኒት ፕላን ካላቸው ግን ከአካባቢ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከገቡ በኋላ ባሉት ሁለት ሙሉ ወራት ውስጥ ቀይሩት።

ግሪን ካርድ ከሆነ የያዙት በ10 ቀን ውስጥ ኤአር 11 (ለኢሚግሬሽን አድራሻ መቀየርን የሚያሳውቀው ፎርም) ኦንላይን ሙሉላቸው፣ ክፍያ የለውም፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

የመርሳት በሽታ ካለባቸውና "እዚህ ልኖር ነው የመጣሁት" ብለው መናገር ካልቻሉ አትጨነቁ፣ ቤታችሁ ከናንተ ጋር እየኖሩ ከሆነ ባብዛኛው በአካል ያሉበት ስቴት ነው ነዋሪነታቸው። ገና አእምሯቸው ንቁ ከሆነ ግን የውክልና ወረቀቱን (ፓወር ኦፍ አቶርኒ) በአዲሱ ስቴት ፎርም አሁኑኑ አስፈርሙ፣ የድሮውን አይቶ የሚያንገራግር ባንክ አይጠፋም።

ኢንተርቪው ሲኖር የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፣ መብታቸው ነው። በልጅ ልጅ አታስተርጉሙ፣ እማማ ልጁ ፊት ስለ ሽንታቸው ስለ መውደቃቸው አይናገሩም፣ የሚሰጣቸው የእርዳታ ሰዓት ደግሞ የሚወሰነው በዛው መልስ ነው።