የድሮ መኪና ዕቃ ተልኮ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ ከሰሜን ሸዋ

ግቢው ጥግ የቆመ ላንድሮቨር ወይም ቮልስ ያለው ሰው ሊያድሰው ሲነሳ ዕቃው መጓዙ አይቀርም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት ለሚላግበት ቤት፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ይወርዳል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የተገዛው ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ደግሞ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ መሐል ሜዳ ይጫናል። የአዲስ መኪና ዕቃ ቢሰበር ሱቅ ሄዶ መተካት ነው። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ዕቃ ግን ምትክ ላይገኝለት ይችላል። ስለዚህ ስታሽጉ በጥንቃቄ የሚይዘውን ሰው አታስቡ። በጨለማ፣ በችኮላ፣ ከአይሱዙ ላይ የሚያወርደውን አስቡ።

ችግር፦ ንጹህ ሆኖ የታሸገው ብረት ዝጎ ደረሰ

ብዙ ሰው ዝናብ ገብቶበት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ውሃው ከውጭ አልገባም።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በኅዳር ውርጭ ያደረ ቴስታታ ጠዋት ተጭኖ በጣርማ በር በኩል ሲወርድ፣ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከታች ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል። ላቡ በፕላስቲክ ውስጥ ከታፈነ የሚወጣበት የለውም። ዝገቱ እዚያው ይጀምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ሳጥኑ ራሱ ነው። በእኛ አካባቢ እጅ ላይ ያለው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ሰሞኑን የተቆረጠ ጣውላ ውስጡ እርጥብ ነው። እርጥበት ብቻ ሳይሆን ብረት የሚበላ አሲድነት ያለው ትነትም ያወጣል። ጭድና ጋዜጣም እርጥበት ይይዛሉ፤ ባዶ ብረት ላይ ሲጠመጠሙ ዝገት ይጠራሉ።

መፍትሄው ከማሸግ በፊት ባለው ቀን ይጀምራል። ዕቃውን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፣ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ይተዋል። ቶርኖ የነካው ልሙጥ ፊት ላይ አዲስ የሞተር ዘይት ወይም ስስ ግራሶ ቀቡ። የተቃጠለ ዘይት በፍጹም አይሁን፤ አሲድና ጥቀርሻ አለበት። በዘይት በራሰ ንጹህ ወረቀት ጠቅልሉት፣ ከዚያ በወፍራም ፕላስቲክ አሽጉት። ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ወይም ሌላ አሮጌ ብርድ ልብስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሱፍ እርጥበት ስለሚስብ ባዶ ብረት መንካት የለበትም። ከፕላስቲኩ ውጭ ግን ከመንዝ ባና የተሻለ መደገፊያ አላውቅም። ሳጥኑን ከደረቀ ጣውላ ወይም ከኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ ከተጣበቀ ስስ እንጨት) አሠሩት።

ለተቀባዩም ደውሉለት፦ ሳጥኑን ይክፈት፣ ፕላስቲኩን ግን ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አይክፈት። ያኔ ላቡ የሚያርፈው ፕላስቲኩ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እሱም የፍሬን ዕቃ ነው። የፍሬን ፖምፓ ውስጥ የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ እንዳታስገቡ። ውስጡ ያለው ጎሚኒ (ላስቲክ) ያብጣል፤ መኪናው ሲነዳ ደግሞ ፍሬኑ ሊይዝ ወይም ሊከዳ ይችላል። ውስጡን በፍሬን ዘይት ብቻ አርሱት፣ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ ከተቀባ ላሜራ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታድርጉት።

ችግር፦ ቴስታታው ተጭሮ ወይም ቫልቩ ተጣሞ ደረሰ

ቴስታታ በፊቱ ተደፍቶ ሲቀመጥ የተረጋጋ ይመስላል። ግን ቫልቭ ተከፍቶ ከነበረ ጫፉ ከፊቱ ወጣ ብሎ ይቀራል። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የቴስታታው ክብደት ሁሉ በዚያች ቫልቭ ላይ ያርፋል። ጭረቱም ቀላል አይደለም፤ ጋርኒሲዮኑ (በሁለቱ ብረቶች መሐል የሚገባው ማሸጊያ) በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አንድ ጠለቅ ያለ ጭረት ጭስ ወይም ውሃ ያሳልፋል።

ካንዴላዎቹን (ብልጭታ የሚሰጡትን) አውልቁ፣ ቀዳዳዎቹን በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ። ቫልቮቹ ሁሉ መዘጋታቸውን እዩ። ፊቱን የሚሸፍን ኮምፔንሳቶ ቁረጡና በራሱ የብሎን ቀዳዳዎች እሰሩት። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ሲሊንደሮቹ ስስ ክንፎች አሏቸው። እርስ በርስ ከተጋጩ ይሰበራሉ። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልሉ።

ችግር፦ ሳጥኑ ደህና ነው፣ ውስጡ ግን ተሰብሯል

እኔ ከሁሉም በላይ የማዝነው በዚህ ነው፤ ጥፋቱን መቶ በመቶ መከላከል ስለሚቻል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ብረት አይጣመምም፣ ይሰነጠቃል። ኮረኮንቹ ላይ ዕቃው ሺህ ጊዜ ተነስቶ ይወድቃል።

ለስላሳ ነገር ዙሪያውን መጠቅጠቅ ብቻ አይበቃም። ስፖንጅ ከባድ ብረት ሲያርፍበት ይሟሽሻል፣ ከዚያ ክፍተት ይፈጠራል። ከባዱን ዕቃ ከሳጥኑ ወለል ጋር በብሎን እሰሩት፤ ካልሆነ በጎኖቹ ጣውላ መትታችሁ አስጨንቁት። ክዳኑን ከመምታታችሁ በፊት ሳጥኑን ለሁለት ሆናችሁ አዘንብሉት፣ ነቅንቁት። ድምፅ ከሰማችሁ ገና አላለቀም። ከባድና ቀላል ዕቃም አንድ ሳጥን አይጋሩ፤ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) እና የዳሽቦርድ ጌጅ አብረው ከተጓዙ የሚጎዳው የቱ እንደሆነ የታወቀ ነው።

ችግር፦ መስታወት ተሰነጠቀ፣ የኒኬል ጌጥ ተጣመመ

መስታወት ተኝቶ ሲጫን መሐሉ ይረግባል፣ ሌላ ጭነትም ይከመርበታል። ቆሞ እንዲጓዝ አድርጉ፤ ጠርዙ ሁሉ በጎማ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን። ረጅም ጌጥ ደግሞ ከሱ በሚረዝም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ በጨርቅ ቁራጭ ይታሰር። የላንድሮቨር ላሜራ አብዛኛው አልሙኒየም ነው። አይዝግም ተብሎ ችላ ይባላል፣ ግን በቀላሉ ይሰረጎዳል። ፖርቶመጋላ (የመኪና ጣሪያ ላይ ያለ የዕቃ መጫኛ) ላይ አይውጣ።

ችግር፦ ራዲያተሩ ማፍሰስ ጀመረ

ክንፎቹን ሌላ ዕቃ ወግቷቸዋል ወይም ተሸካሚው በአፉ በኩል አንስቶታል። በሁለቱም ወገን ኮምፔንሳቶ ግጠሙለት። አፎቹን ድፈኑ።

ችግር፦ ጫኙ ቤንዚን ሸተተኝ ብሎ መለሰው

ልክ ነው፤ አትጣሉት። ባዶ የሚመስል ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ውስጥ ያለው ትነት ከፈሳሹ ይበልጥ አደገኛ ነው። ካርቡራተርንና ሰልባትዮን አንጠፍጥፋችሁ፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ እሳት በሌለበት፣ ሽታው እስኪጠፋ አናፍሱ። አሲድ ያለበት ባትሪ ከሌላ ዕቃ ጋር ጨርሶ አይታሸግ።

ችግር፦ ብሎንና ዳዶ ጎደለ

በፌስታል አንድ ላይ የተጣለ ብሎን ፌስታሉን ይቀድደዋል። ያኔ የነበሩት ብሎኖች ልካቸው ዛሬ ሱቅ ላይ ከሚገኘው ሊለይ ይችላል። በጠንካራ ጨርቅ ከረጢት በየቦታቸው ለዩ፣ «የግራ በር»፣ «የውሃ ፖምፓ» ብላችሁ በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ከረጢቱን ከዋናው ዕቃ ጋር በሽቦ እሰሩ።

ችግር፦ ተበላሽቶ ደረሰ፣ ግን ማንም አላምን አለ

ከማሸጋችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ፤ የሞተር ወይም የዕቃ ቁጥር ካለው በግልጽ ይታይ። ታሽጎም አንሱት። የላኪና የተቀባይ ስልክ ከሳጥኑ ውጭም ውስጥም ይጻፍ፤ የውጩ ሊፋቅ ይችላል። ተቀባዩ ሹፌሩ ሳይሄድ ሳጥኑን ይዙርበት፣ ማዕዘኖቹን ይይ። የተመታ ነገር ካየ እዚያው ፎቶ ያንሳና ደረሰኙ ላይ ያስጽፍ፣ ከዚያ ይፈርም።