አሮጌ መኪና በብሪታንያ፦ ኤምኦቲ ሲወድቅ፣ የመንገድ ግብር አልከፈል ሲል

በብሪታንያ፣ አገር ቤት እንደምናውቀው መስታወት ላይ የሚለጠፍ ቦሎ የለም። የቦሎ ሥራ ለሁለት ተከፍሏል። የቴክኒክ ምርመራው ኤምኦቲ ይባላል፤ የመንገድ ግብሩ ደግሞ ለብቻው ለዲቪኤልኤ (የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መዝገብ መሥሪያ ቤቱ) ይከፈላል። የግብሯ ክብ ወረቀት ከኦክቶበር 2014 ጀምሮ ቀርታለች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፖሊስም የመንገድ ካሜራም የሚያየው በታርጋው ቁጥር መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ጤነኛ ሆኖ መዝገቡ ከተዛባ ያስቀጣል።

ኢንሹራንስ፣ ኤምኦቲና ግብር ቅደም ተከተል አላቸው፤ መጀመሪያ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ ኤምኦቲ፣ መጨረሻ ግብር። ግብር ላይ የሚታይ ችግር ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ኤምኦቲው ነው።

ግብር ለመክፈል ሲሞከር ኮምፒዩተሩ አልቀበልም ይላል

በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤምኦቲው ነው። ግብሩ በሚጀምርበት ቀን ኤምኦቲው የጸና መሆን አለበት፤ አንድ ቀን ቢያልፍበት እንኳ አይሠራም። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ታርጋ በማስገባት የኤምኦቲ ታሪክን በነፃ ማየት ይቻላልና ከዚያ ጀምሩ። ምርመራውን አልፋችሁ መዝገቡ ላይ ካልታየ፣ ጣቢያው ታርጋውን አሳስቶ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው እዚያው የመረመረው ጣቢያ ስለሆነ ቶሎ ደውሉ።

ኢንሹራንስ ግብር ሲከፈል አይጠየቅም፤ መዝገብ ላይ አለመታየቱ ግን ያስቀጣል። ውሉ ዛሬ ቢፈረምም ወደ አገር አቀፉ የኢንሹራንስ መዝገብ እስኪገባ ጥቂት ቀን ሊወስድ ይችላል። ውሉ ላይ የተጻፈውን ታርጋ ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የ«ኦ» ፊደልና የዜሮ መምታታት ብዙ ሰው ያሰቃያል።

ሁለተኛው የሚጠረጠረው ግብር ሲከፈል የሚገባው የማጣቀሻ ቁጥር ነው። ከማስታወሻ ደብዳቤው (ቪ11) የሚወሰደው 16 አሃዝ፣ በስማችሁ ካለው ሊብሬ (ቪ5ሲ) የሚወሰደው 11 አሃዝ፣ መኪናውን አሁን ከገዛችሁ ከአረንጓዴው ቁራጭ ላይ የሚወሰደው 12 አሃዝ ነው። ሊብሬው ከጠፋ በቪ62 ቅጽ 25 ፓውንድ ከፍሎ ማስወጣት ነው። አድራሻ ሲቀየር ሊብሬውን ማስቀየር ግን በነፃ ነው፤ ይህን ያልሠራ ሰው ማስታወሻውም የቅጣት ደብዳቤውም የድሮ ቤቱ ይሄዳሉ።

መኪና ስትገዙ የሻጩ ግብር ለእናንተ አያልፍም። ከሻጩ ቤት ከመነዳቱ በፊት በስማችሁ መከፈል አለበት። ግብር የሚቆጠረው ከወሩ መጀመሪያ ስለሆነ በ29ኛው ቀን የከፈለ ሰው የሙሉ ወሩን ይከፍላል። ሁለት ሦስት ቀን መታገስ የምትችሉ ከሆነ ታገሡ።

በየወሩ ከባንክ እየተቆረጠ ሳለ «ግብር የለውም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል

የባንክ ቁርጡ በየዓመቱ ራሱን ያድሳል፤ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ግን ኤምኦቲው ካለቀ እድሳቱ ይቆማል። የሁለቱ ቀን ተቀራራቢ በሆነበት መኪና ላይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። መፍትሄው ኤምኦቲውን ቀደም ብሎ ማሠራት ነው። ከሚያልቅበት ቀን በፊት ባለው አንድ ወር (አንድ ቀን ሲቀነስ) ውስጥ ከተሠራ ቀጣዩ ዓመት የሚቆጠረው ከቀድሞው ቀን ስለሆነ ምንም አይጎዳም። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይህን አንድ ወር ሙሉ ይጠቀምበት፤ ቢወድቅ እንኳ ለመጠገን ጊዜ ይኖረዋል።

ለወራት አገር ቤት ሄዶ ሲመለሱ ሁሉም ነገር አልቋል

ኤምኦቲ የሚሠራው እዚያው አገር ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ሊያራዝመው አይችልም። ስለዚህ ከመሄድ በፊት መኪናውን ሶርን ማድረግ፣ ማለትም ከመንገድ ወጥቷል ብሎ ማስመዝገብ፣ ይሻላል። ያልተነካው የሙሉ ወራት ግብር ይመለሳል፤ ሶርኑም መኪናው እንደገና ግብር እስኪከፈልበት ድረስ አያልቅም፤ ኢንሹራንስ አልገባም ተብሎም ቅጣት አይመጣም። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ መኪናው በግል ግቢ ወይም ጋራዥ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቤታችሁ በር ላይ ያለው የመንገድ ዳር ማቆሚያ አይቆጠርም። ሶርን የሆነ መኪና መንገድ ላይ ከተነዳ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል።

ስትመለሱ መጀመሪያ ኢንሹራንስ ግቡ፤ ከዚያ ለኤምኦቲ ቀጠሮ ያዙ፤ ቀጠሮውን በጽሑፍ (በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት) አስይዙ። አስቀድሞ ወደ ተያዘ ምርመራ መንዳት ያለ ኤምኦቲና ያለ ግብር የተፈቀደ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ሱቅ ጎራ ማለት የለም። ከምርመራው በኋላ ግብሩ በዚያው ዕለት በስልክ ይከፈላል።

ቆሞ የከረመ መኪና የራሱ በሽታ አለው። የእጅ ፍሬን ተስቦ ከቆመ የኋላው ሸራ ታምቡሩ ላይ ዝጎ ይጣበቃል፤ ለዚህ ነው ሲቆም ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ጎማ ሥር ታኮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ የሚገባው። የፊት ዲስክ ላይ የሚያርፈው ዝገት ደግሞ የግራና የቀኙን ፍሬን ያበላልጣል፤ መሪ በሚታጠፍበት አክስል ላይ ልዩነቱ ከ30 በመቶ ካለፈ መኪናው ይወድቃል። ወደ ጣቢያው ሲኬድ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ጥቂት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መያዝ አብዛኛውን ዝገት ይጠርገዋል። ካልጠረገው የካሊፐሩ ፒስተን ተይዟል ማለት ነውና ተፈትቶ መታየት አለበት።

በጭስ ወደቀ

አሮጌ መኪና ላይ ከሁሉ የሚያስወጣው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጋራዥ ቁጥሩን ሳያነብ ካታላይዘር (ማርሚታው ላይ ያለውን ጭስ ማጽጃ) ቀይሩ ይላል። የምርመራውን የጭስ ወረቀት ጠይቁና ራሳችሁ አንብቡት። ካታላይዘር ላለው የቤንዚን መኪና የተለመደው ልክ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ሲዞር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ0.2 በመቶ ያልበለጠ፣ ሃይድሮካርቦን ከ200 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 200 እጅ) ያልበለጠ፣ ላምዳ (የአየርና የነዳጅ ምጥጥን) ከ0.97 እስከ 1.03 ነው። በሚኒሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እስከ 0.3 በመቶ ይፈቀዳል።

ላምዳው ከ1.03 በላይ ከሆነ ከውጭ አየር እየገባ ነው። መጀመሪያ ማርሚታውን ከሞተሩ እስከ ጫፉ አስፈትሹ፤ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ያረጀ ጋስኬት ይበቃል። ቀጥሎ ሞተሩ አየር የሚስብባቸውን የጎማ ቱቦዎች እዩ፤ በዕድሜ ይሰነጠቃሉ። ይህ ሳይስተካከል ሌላ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ ብሎ ላምዳው ከ0.97 በታች ከወረደ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበታል። የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የደከመ ኦክስጅን ሴንሰር፣ ወይም የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ ተበላሽቶ ሞተሩ ሁልጊዜ የቀዘቀዘ መስሎት ይሆናል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ዘይቱ በቤንዚን ይቀጥናል፤ ትነቱም ተመልሶ ይቃጠላል፤ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ብቻውን ያሳለፈው መኪና ብዙ ነው።

ላምዳው ልክ ሆኖ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ብቻ ከበዛ፣ ያኔ ካታላይዘሩን ጠርጥሩ። ግን ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይ ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። የቀዘቀዘ ካታላይዘር አይሠራም። ወደ ምርመራው 20 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ግቡ፤ ተራ ሲጠበቅም ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ እንዳይቀዘቅዝ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ድረሱ። ሃይድሮካርቦኑ ብቻ ከበዛ ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጅ እየወጣ ነውና ካንዴላና ኮይል ይታይ።

ከኦገስት 1992 በፊት መንገድ ላይ የወጡ መኪናዎች ልካቸው ሰፊ ነው፤ ከኦገስት 1986 ወዲህ ላሉት ካርቦን ሞኖክሳይድ 3.5 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን 1,200 ፒፒኤም ነው። መርማሪው በአዲሶቹ ልክ እንዳይለካችሁ ሊብሬው ላይ ያለው የመጀመሪያ ምዝገባ ቀን ትክክል መሆኑን አረጋግጡ።

ናፍጣ ላይ ምርመራው ሌላ ነው። ነዳጅ እስከ መጨረሻ ተረግጦ የጭሱ ጥቁረት ይለካል። ስለዚህ የታይሚንግ ቺንጋው መቀየሪያ ጊዜ ካለፈ መጀመሪያ አስቀይሩት፤ በዚያ ፍጥነት ቢበጠስ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ጥቀርሻ ማጣሪያው (ዲፒኤፍ) ተቆርጦ የወጣ መኪና፣ ጭሱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ይወድቃል። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሄድ ናፍጣ ከምርመራው በፊት አውራ ጎዳና ላይ በዝቅ ያለ ማርሽ 20 ደቂቃ ያህል ቢነዳ የተከማቸው ጥቀርሻ ይወጣል።

ዳሽቦርድ ላይ መብራት በርቷል

የኤቢኤስ፣ የኤርባግና የፍሬን መብራት መብራቱ ብቻውን ይጥላል። የሞተሩ ብርቱካናማ መብራት ከጁላይ 2003 ወዲህ በወጣ ቤንዚን፣ ከጁላይ 2008 ወዲህ በወጣ ናፍጣ ላይ ይጥላል። አምፖሉን መንቀል አይረዳም፤ መርማሪው ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋቱን ይጠብቃል።

ውድ ዕቃ ከመግዛት በፊት ባትሪው ይለካ፤ የደከመ ባትሪ ብዙ መብራት በአንዴ ያበራል። ኤርባጉ ከሆነ ከፊት ወንበሮች ሥር ያለው መሰኪያ ብዙ ጊዜ ላልቶ ነው፤ ባትሪ ነቅሎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ አጥርቶ መልሶ መሰካት ነው። ኤቢኤስ ከሆነ ጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር በዝገት ተነሥቶ ይሆናል። የስህተት ኮዱን በመሣሪያ ማጥፋት ምክንያቱን አያጠፋም፤ ጣቢያው እስኪደርሱ ተመልሶ ይበራል።

ዝገት

መርማሪው ዝገት ሁሉ አይከለክልም። የሚያሳስበው መሪ፣ ሞላና አሞርዛቶር፣ ፍሬን ወይም የወንበር ቀበቶ ከሚታሰሩበት ነጥብ 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው ነው። ጥገናው ዙሪያውን ያልተቋረጠ ብየዳ መሆን አለበት። ስቱኮ፣ ፋይበርና ሪቬት ይጥላል፤ በቀለም የተሸፈነም ሲመታ በድምፁ ይታወቃል። ከበሮቹ ሥር ያለው ብረትና የኋላ ሞላ መቀመጫ ሁለቱም ከተበሉ፣ የብየዳውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር አስተያይታችሁ ወስኑ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

በትንሽ ነገር ወደቀ

ጎማ በመካከለኛው ሦስት አራተኛ ስፋቱ፣ ዙሪያውን በሙሉ፣ ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይፈለግበታል። የፍሬን ሸራ ከ1.5 ሚሊ ሜትር መቅጠን የለበትም። አምፖል፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ፣ የመስታወት ውኃ፣ የታርጋ መብራት፦ ዋዜማውን አንድ ሰው ፍሬን እየረገጠላችሁ ዙሩና ተመልከቱ። የመስታወት ስንጥቅ በመሪው ፊት ለፊት ባለው 290 ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ10 ሚሊ ሜትር፣ መጥረጊያው በሚጠርገው በሌላው ቦታ ከ40 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ይጥላል።

ከአውሮፓ የመጣ መኪና

የፊት መብራቱ ወደ ቀኝ የሚያበራ ከሆነ ይወድቃል፤ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ይገባበታል። የኋላው የጉም መብራት በመካከል ወይም በቀኝ መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ በግራ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሶኬቱን ወደ ቀኝ ማዛወር ቀላል የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ምርመራው ታርጋ ሳይወጣ በሻንሲ ቁጥር ይሠራል። መኪናው በገባ በ14 ቀን ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ ኖቫ በሚባለው የማሳወቂያ አሠራር ማሳወቅ፣ ከዚያ በቪ55/5 ቅጽ ማስመዝገብ ነው፤ የምዝገባው ክፍያ 55 ፓውንድ ነው። ከ10 ዓመት በላይ የሆነው መኪና የዓይነት ማረጋገጫ (የአገሩን ደንብ ያሟላል የሚል ሰነድ) አይጠየቅም፤ አሮጌ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

40 ዓመት ሞልቶት ግብር ይጠየቃል

40 ዓመት የሞላው መኪና ከግብር ነፃ ይሆናል፤ ነፃነቱ ግን በራሱ አይመጣም። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከጃኑዋሪ 1985 በፊት የተሠሩት ገብተዋል፤ ግን ሊብሬውን ይዞ ፖስታ ቤት ሄዶ የግብር መደቡን ማስቀየር ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ በዜሮ ፓውንድ ማሳደስ ነው። ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገበት ከኤምኦቲም ነፃ ነው።

ወድቋል፤ አሁንስ?

«አደገኛ» የተባለ ነጥብ ካለ መኪናው ከዚያ አይነዳም፤ ተጭኖ ነው የሚሄደው። «ከባድ» ብቻ ከሆነና የድሮው ኤምኦቲ ገና ካላለቀ ይዞ መሄድ ይቻላል። እዚያው ጣቢያ ከተጠገነ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ድጋሚው በነፃ ነው። አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ካስጠገናችሁ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በከፊል ክፍያ ይታያል፤ እንደ አምፖልና መጥረጊያ ያለ ቀላል ነገር ግን እስከ ማግሥቱ የሥራ ቀን ማብቂያ ከተመለሰ አያስከፍልም። ለመኪና የምርመራው ከፍተኛ ዋጋ 54.85 ፓውንድ ነው።

መርማሪው ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁ ምንም ሳታስጠግኑ በ14 የሥራ ቀን ውስጥ በቪቲ17 ቅጽ አቤት በሉ። ክፍያው እንደ ሙሉ ምርመራ ነው፤ ትክክል ሆናችሁ ከተገኛችሁ ሙሉው ወይም ከፊሉ ይመለሳል። አንዴ ከተጠገነ ግን የሚታይ ማስረጃ አይኖርም።