የትከሻ ጅማት ሲጎዳ፦ ቀዶ ጥገና ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

ስለ ሕክምናው ምርጫ ከማሰብዎ በፊት አንድ ጥያቄ በጥንቃቄ ይመልሱ፤ ሕመሙ የጀመረው በአንድ ቀን ነው ወይስ ቀስ በቀስ? በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት ስሠራ እንደማየው፣ ብዙ ሰው የሚወስነው በሕመሙ ብርታት ነው። የሕመሙ ብርታት ግን የጉዳቱን መጠን አያሳይም፤ ጅማቱ በትንሹ የቆሰለ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር፣ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰበት ደግሞ ብዙም ሳያመው ሊሠራ ይችላል።

የትከሻን መጋጠሚያ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ አቅፈው የሚይዙት የአራት ጡንቻዎች ጅማቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ክንድን ወደ ጎን ለማንሳት የሚረዳው የላይኛው ነው። ይህ ጅማት በዕድሜ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ምንም ሳያማቸው ተቀድዶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የምርመራ ውጤቱ ላይ «ተቀድዷል» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ማለት አይደለም።

በመውደቅ ወይም ከባድ ነገር በማንሳት ድንገት የደረሰ ጉዳት ግን ጊዜ አይሰጥም። አንድ የልስን ሠራተኛ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሲንሸራተት በአንድ እጁ ተንጠለጠለ። ኤክስሬይ ተነሥቶ አጥንቱ ደህና ነው ሲባል፣ ወጌሻ ዘንድ እየታሸ አምስት ወር ቆየ። እኔ ዘንድ ሲመጣ የታመመውን ክንድ በጤነኛው እጁ ትከሻው ድረስ አነሣው፤ ሲለቀው ክንዱ ወደቀ። ኤክስሬይ የጅማት መቀደድን አያሳይም፤ የተበጠሰ ጅማትም በእሸት አይገጥምም። በእነዚያ ወራት ጅማቱ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ጡንቻው ሟሽሾ ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ በሳምንታት ውስጥ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ተነሥቶ ለአጥንት ቀዶ ሐኪም ማሳየት ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተጠቃሚ ከሆኑ፣ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ያውጡ።

ቀስ በቀስ ለመጣ ሕመም ግን አስቀድሜ የምመክረው የሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ ነው። ያለ አደጋ ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ የተቀደደ 452 ሰዎችን በፊዚዮቴራፒ ያስጀመረና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገና የመረጡት ከሩብ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። በሌላ በኩል 103 ሰዎችን ለ10 ዓመት የተከታተለ የኖርዌይ ጥናት፣ ጅማታቸው አስቀድሞ በቀዶ ጥገና የተሰፋላቸው በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አመልክቷል፤ ስለዚህ ገና ብዙ የሥራ ዘመን የሚቀረው ሰው ይህን ከሐኪሙ ጋር ሊመክርበት ይገባል።

ሦስት ወር ስል በየቀኑ የተሠራበትን ሦስት ወር ማለቴ ነው። በየቀኑ ታክሲ መሳፈር አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ለባለሙያ እየታዩ ቀሪውን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ተደግፎ ክንድን እንደ ፔንዱለም ማወዛወዝ፣ ቀጥሎ በጣቶች ግድግዳ ላይ ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያም በር ላይ የታሰረ ላስቲክ መሳብ ነው። በዚህ ጊዜ ጀሪካን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይያዙ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ዝቅ ያድርጉ፣ ሲተኙም በደህናው ጎን ሆነው የታመመውን ክንድ ትራስ ላይ ያሳርፉ።

ቀዶ ጥገና ከመረጡ፣ ክንድዎ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በማንገቻ እንደሚቆይ፣ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ወር በኋላ እንደሚጀመርና ወደ ከባድ የጉልበት ሥራ ለመመለስ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ አስቀድመው ይወቁ። ውኃ የሚቀዳውና በዚያ ጊዜ ቤቱን የሚደጉመው ማን እንደሆነ ቀጠሮ ሳይያዝ በቤተሰብ ይነጋገሩ። ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ የተሰፋው ጅማት እንዳይድን እንቅፋት ይሆናሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ ካላዩ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ይመለሱ፤ ከተሰፋ በኋላም ያው ፊዚዮቴራፒ ስለሚጠብቅዎት፣ የተማሩት እንቅስቃሴ ያን ጊዜም ይጠቅምዎታል።