የበረንዳን መብራት ለታይመር መስጠት፦ አመራረጥ፣ አገጣጠምና ሰዓት አሞላል

ድሬዳዋ ውስጥ የቤት ሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወደ በረንዳና ወደ ግቢ ስለሚወጣ የውጭ መብራት ከምሽት ጀምሮ ይበራል፤ ሁሉም ሊተኛ ሲገባ ግን ማጥፋቱ ይረሳና አምፖሉ በርቶ ያድራል፣ የሚጠፋውም ረፋድ ላይ ከቤት የሚወጣ ሰው ቀና ብሎ ካየው ነው። ይህን ሥራ በፕሮግራም ለሚታዘዝ ታይመር መስጠት ይቻላል። ታይመር በውስጡ ሰዓት የያዘ ማብሪያና ማጥፊያ ሲሆን፣ በተሞላለት ቀንና ሰዓት መብራቱን ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያጠፋል። ዕቃውን መግጠም ለባለሙያ አጭር ሥራ ነው። ከተገጠመ በኋላ «አልሠራ አለ» ተብሎ የሚነቀለው ታይመር ግን፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸበት ሽቦው ሳይሆን የተሞላለት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ስለ ሽቦው የሚያስፈልገውን ያህል ብዬ ስለ ሰዓቱ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ከመግዛት በፊት

ገበያ ላይ የሚገኙት ታይመሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሶኬት ላይ የሚሰካው ነው፤ መብራቱ የራሱ ሶኬት ካለው ምንም ሽቦ ሳይነካ ይሠራል። ሁለተኛው በግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ቦታ የሚገባው ነው። ሦስተኛው ከብሬከሮቹ ጎን፣ በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ባለው የብረት ሐዲድ ላይ የሚቀመጠው ነው።

ሶኬት ላይ ከሚሰኩት መካከል ርካሹ በዙሪያው ጥርሶች ያሉት፣ እየተሽከረከረ የሚሠራው ነው። ጥርሶቹ 96 ከሆኑ እያንዳንዱ የ15 ደቂቃ፣ 48 ከሆኑ ደግሞ የ30 ደቂቃ ነው። ይህ ዓይነቱ ታይመር ሰዓቱን የሚቆጥረው ከኤሌክትሪኩ ምት ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል፤ መብራት ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ታይመሩም ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይቀጥላል። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው በየሳምንቱ ሲያስተካክለው ይኖራል፤ በእኔ አስተያየት ርካሽነቱ ይህን ድካም አያካክስም።

በከተማችን ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ምት) ነው፤ የጅቡቲም እንዲሁ። የሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ኸርዝ ስለሆነ፣ ለዚያ አገር የተሠራ ባለ ጥርስ ታይመር እዚህ ሲሰካ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይዘገያል፤ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞርም 24 ሰዓት ሳይሆን 28 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይፈጅበታል። ባለቤቱ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል እንጂ ምንም አልሆነም። ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ የ120 ቮልት ከሆነ እዚህ ከተሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ ስጦታም ቢሆን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይሰኩት።

ዲጂታሉ ታይመር የራሱ የኳርትዝ ሰዓትና ትንሽ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም መቁጠሩን አያቆምም፤ ለእኛ የሚስማማው ይህ ነው። የብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባው ዓይነት ብዙ ጊዜ 16 አምፔር ይላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 3520 ዋት መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር ግን እንደ ምድጃ ላለ ዕቃ የተሰጠ ነው። ኤልኢዲ አምፖሎች በሚበሩበት ቅጽበት የሚስቡት ጉልበት ከጽሑፋቸው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ለኤልኢዲ የተፈቀደው መጠን በጣም ያነሰ ነው፤ ዕቃው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ለብቻው ተጽፎ ካገኙ እርሱን ይከተሉ። ለአንድ በረንዳ ሁለትና ሦስት አምፖል አያሳስብም። የውኃ ፓምፕ ግን በመካከል ኮንታክተር (ከባድ ጉልበት የሚችል፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ሳይገባ በዚህ ታይመር በቀጥታ መታዘዝ የለበትም።

ስለ ቁጠባው እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች በየሌሊቱ ያለ ጥቅም 6 ሰዓት ቢበሩ በዓመት የሚፈጁት 40 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አምፖሎቹ የድሮዎቹ ባለ 60 ዋት ከሆኑ ግን ከ260 ያልፋል። እንዲህ ከሆነ ከታይመሩ በፊት አምፖሉን መቀየር ይቀድማል።

ስለ ሽቦው

ሽቦ መፍታትና ማሰር የለመደ ሰው ካልሆኑ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ፤ ቀጥሎ ያለው ባለሙያው የሚሠራውን እንዲረዱና እንዲጠይቁ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ዋናውን ብሬከር በማጥፋት ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት «አሁን ምን አለና» ብሎ ብሬከሩን ሳያጠፉ ሽቦ መፍታት የሚያስከትለውን ለመገመት አያስቸግርም፤ መብራት ሲመጣ ማንንም አያስጠነቅቅም። ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ሽቦው በቴስተር ይፈተናል፤ ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን ለማወቅ አስቀድሞ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞከራል። ከቆጣሪው በፊት ያለውንና ፕሎምብ (ማኅተም) የተደረገበትን ግን ማንም የቤት ሰው መንካት የለበትም።

በግድግዳ ማብሪያ ቦታ የሚገባውን ታይመር ለሚገዛ ሰው ትልቁ ጥያቄ ኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበት ሽቦ፣ ነው። በብዙ ቤቶች ወደ ማብሪያው የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፦ አንዱ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ፣ ሌላው ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚመለሰው። ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ስለሚሄድ በማብሪያው ሳጥን ውስጥ አይገኝም። ታይመሩ ግን ሰዓቱን ለማስኬድ ራሱም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኒውትራል የሚፈልግ ዓይነት ከሆነ እዚያ አይሠራም። ያለ ኒውትራል የሚሠሩም አሉ፤ እነዚህ በአምፖሉ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፉ ኤልኢዲው ጠፍቶም ጭል ጭል ሊል ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ሳይገዛ ማብሪያውን አስፈትቶ ሽቦዎቹን መቁጠር ይሻላል። የግራውንዱን (ለጥበቃ ወደ መሬት የሚወርደውን) ሽቦ በኒውትራል ፋንታ ማሰር በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ይሠራ ይመስላል፣ ነገር ግን የሌሎች ዕቃዎችን የብረት አካል የሚጨብጥ ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባው ታይመር ብዙውን ጊዜ አምስት ማሰሪያዎች አሉት። ሁለቱ ሰዓቱን የሚያስኬዱ የፌዝና የኒውትራል ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ማብሪያና ማጥፊያው ራሱ ናቸው፦ የጋራው፣ ሲታዘዝ የሚያያዘውና ሲታዘዝ የሚላቀቀው። በብዙዎቹ እነዚህ ሦስቱ ከሰዓቱ ጋር በውስጥ አይገናኙም። ስለዚህ ከፌዙ ማሰሪያ ወደ ጋራው አጭር ሽቦ መሳብ አለበት፤ ወደ አምፖሉ የሚሄደውም ሲታዘዝ ከሚያያዘው ላይ ይታሰራል። ያቺ አጭር ሽቦ ከተረሳች ታይመሩ በሰዓቱ «ቀጭ» ይላል፣ መብራቱ ግን አይበራም።

የቀድሞውን ማብሪያ ነቅሎ ከመጣል ከታይመሩ ጎን ለጎን በዚያው ብሬከር ላይ እንዲታሰር ቢያደርጉ እመክራለሁ። እንዲህ ከሆነ እንግዳ በሌሊት ሲመጣ ታይመሩን መነካካት ሳያስፈልግ ማብሪያውን መጫን ይበቃል። በሌላው ጊዜ ግን ማብሪያው ጠፍቶ መቆየት አለበት፤ በርቶ ከተረሳ ታይመሩ ሊያጠፋው አይችልም።

ቦታውን በተመለከተ፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ በተዘጋ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ በድሬዳዋ ሙቀት ጥሩ አይደለም። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። ቤት ውስጥ ወይም ጥላ ያለበት ቦታ ይመረጣል።

ሰዓቱ

አዲሱ ታይመር ባትሪው ባዶ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ኤሌክትሪክ ላይ ይቆይ። ስክሪኑ የተዘበራረቀ ነገር ካሳየ በጠባቧ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን የሪሴት ቁልፍ በእስክሪብቶ ጫፍ ይጫኑ። ከዚያ የሰዓት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን ይሙሉ። አንዳንዱ ታይመር የበጋ ሰዓት የሚባለውን፣ በሌሎች አገሮች በየወቅቱ አንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የሚደረገውን ማስተካከያ ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ስለሌለ ይጥፋ።

እኔ የተሳሳትሁት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነው። ታይመሩን በስልኬ ሰዓት አስተካከልሁና ፕሮግራሙን ግን እንደምንናገረው ሞላሁት፦ በ12:15 ይብራ፣ በ5:30 ይጥፋ። ማታ 12 ሰዓት ከሩብ በርቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ይጠፋል ብዬ ነበር። በማግስቱ ጎረቤቴ «የበረንዳችሁ መብራት በጠራራ ፀሐይ ይበራል» አለችኝ። ታይመሩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው፤ ለእርሱ 12:15 ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ፣ 5:30 ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው።

የሚሠራው ስሌት ይህ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ላለው 6 ይጨምሩ፤ ማታ 12 ሰዓት 18:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ይጨምሩ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል 23:30 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው ግን 6 ይቀንሱ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት 4:00 ነው። በረመዳን ለሱሑር የወጥ ቤቱ መብራት በዚያ ሰዓት እንዲበራ የሚፈልግ ሰው የሚሞላው 4:00ን ነው። የታይመሩን ሰዓት ራሱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ለሥራው አይከለክልም፣ ነገር ግን በኋላ ሊጠግን የሚመጣውን ባለሙያ ያደናግራል፣ ፀሐይ መግቢያን የሚያሰላ ታይመር ከሆነም ጨርሶ ያበላሸዋል።

ቀኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የታይመሩ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ዓርብ ማታ ብቻ በርቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲጠፋ ከተፈለገ፣ ማብሪያው በዓርብ፣ ማጥፊያው ግን በቅዳሜ መሞላት አለበት፤ ሁለቱም በዓርብ ከተሞሉ መብራቱ ሳይጠፋ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይከርማል። «ለቅዳሜ አጥቢያ» የሚለው የአነጋገር ልማዳችን እዚህ ላይ ከታይመሩ ጋር ይስማማል።

የማብሪያው ሰዓት ስንት ይሁን ለሚለው፣ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በሐምሌ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩልን አልፋ ሲሆን፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መግቢያ ደግሞ ለ12 ሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ልዩነቱ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቁጥር መኖር ለሚፈልግ 18:15 ይበቃዋል። የፀሐይን መግቢያ ራሱ የሚያሰላውን ታይመር ለገዛ ሰው ደግሞ የሚሞላው ኬክሮስ 9.6 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 41.9 ምሥራቅ፣ የሰዓት ክልል 3 ሲደመር ነው።

ፕሮግራሙ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ «ማኑዋል» የተባለውን ቁልፍ ሲጫኑ ስክሪኑ በርቷል፣ አውቶ፣ ጠፍቷል፣ አውቶ እያለ ይዞራል። ታይመሩ የሚታዘዘው አውቶ ላይ ሲቆም ብቻ ነው። ብዙዎቹ ወደ አውቶ ሲመለሱ ያለፈውን ትእዛዝ ዞረው አያዩም፤ ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እየሞሉ ከሆነ መጀመሪያ «በርቷል» ላይ አድርገው ከዚያ ወደ አውቶ ያሳልፉት፤ አለዚያ የዚያን ዕለት ማታ ሳይበራ ያድራል። ከመተው በፊትም ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንዲበራ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ሞልተው ቆመው ይዩት፤ ሠርቶ ካዩ በኋላ ያንን የሙከራ ፕሮግራም ማጥፋት አይርሱ።

ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ቤት ዘግቶ የሚሄድ ቤተሰብ አንዳንድ ታይመር ላይ ያለውን የዘፈቀደ ሥርዓት ቢጠቀም ይጠቅመዋል። መብራቱ በየቀኑ ከተሞላው ሰዓት ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት እያለ ስለሚበራና ስለሚጠፋ፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል። ሲመለሱ ይህ ሥርዓት ይጥፋ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። በየወሩ የታይመሩን ሰዓት ከስልክ ጋር ያስተያዩ፤ የጥቂት ደቂቃ መዛባት የተለመደ ነው። ረዘም ያለ የመብራት መቋረጥ ካለፈ በኋላ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ወይም 0:00 ላይ ቆሞ ካገኙት ባትሪው ደክሟል ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ውስጥ ባትሪው የተበየደ ስለሆነ ቀይሮ ከመልፋት ዕቃውን መቀየር ይቀላል። የሞሉትን ፕሮግራም በወረቀት ጽፈው በብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ቢለጥፉት፣ አዲሱን ሲገጥሙ እንደገና ማስላት አይኖርብዎትም።