ከማሽላ እብቅና ከጤፍ ጭድ ሲሊካ እንዴት ይወጣል

ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ አጭዶ እጁ ያልተላጠ ማን አለ? ቅጠሉ እንደ ምላጭ የሚሆነው ሲሊካ (አሸዋ በአብዛኛው የተሰራበት ማዕድን) ስላለው ነው፣ ተክሉ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ከአፈር ይመጥና ቅጠሉና ገለባው ላይ ያጠራቅመዋል። እናቶቻችን ድስት በአመድ የሚፈትጉት፣ እህል ላይም አመድ ነስንሰው ነቀዝ የሚከላከሉት ያው በዚሁ ነገር ነው፣ አመዱ የነቀዙን ገላ የሸፈነውን ሰም ይፍቅና ያደርቀዋል። ስለዚህ ስራው አዲስ አይደለም፣ እኛ የምንጨምረው እርጥበት የሚመጥ ፍርፋሪ እንዲሆንልን ሲሊካውን ለብቻ ነጥሎ ማውጣቱን ነው።

መጀመሪያ ግን የከብት መኖ አትንኩ። ጥሩው ጭድ ለከብትና ለምርጊት ይሁን፣ እናንተ አውድማ ዳር የሚቀረውን እብቅና ከብት የተወውን የማሽላ ቅጠል ሰብስቡ። የፎገራ ሩዝ ገለባ (ሩዙ ሲፈተግ የሚወጣውን ልጣጭ) የምታገኙ ከሆነ ከሁሉም ይሻላል፣ ሲቃጠል ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ አመድ ይሆናል፣ አመዱም አብዛኛው ሲሊካ ነው። የጤፍ ጭድ ግን ከአንድ ኪሎ 100 ግራም አመድ እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ ብዙ ሰብስቡ።

በወንፊት ንፉትና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ምክንያቱም የአውድማ አፈርና አሸዋ አብሮ ከገባ በኋላ አይሟሟላችሁም። ከዛ በፈላ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ በሊትር 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ (የሎሚ አሲድ) ብትጨምሩበት ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ይሄን አትዝለሉት! ገለባው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካልወጣ እሳት ላይ ከሲሊካው ጋር ይቀልጥና ከሰሉን ውስጡ ይቆልፍበታል፣ ከዛ የፈለጋችሁትን ያህል ብታቃጥሉት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በደንብ አድርቁት።

አሁን ማቃጠሉ፣ ስራው ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ፈርነስ (ሙቀቱ የሚስተካከል የላብራቶሪ ምድጃ) ያለው ሰው 600 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ያቆየዋል በቃ። የሌለን ደግሞ ውጪ ላይ ጭሱ እስኪያልቅ አክስለን፣ ከዛ ብረት ምጣድ ላይ በስሱ ዘርግተን ከሰል ላይ እናስቀምጠዋለን፣ አልፎ አልፎ ማገላበጥ ነው፣ ማራገቢያ አትጠቀሙ። ማታ ወይ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ሆናችሁ ቀለሙን እዩ፣ ምጣዱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ከሆነ ልክ ነው፣ ወደ ብርቱካንማ ከሄደ ግን ከ800 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው፣ ሲሊካው ወደ ክሪስታል ይቀየራል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይሟሟም፣ ብናኙም ለሳንባ አደገኛ ነው። ነጭ ወይ ፈካ ያለ ግራጫ አመድ ካገኛችሁ አብሽሩ፣ ከባዱ አልፏል።

50 ግራም አመድ መዝኑ። ግማሽ ሊትር የባትሪ ውሃ (ማለትም የተጣራውን፣ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ስላለው ያበላሻል) ስቴንለስ ድስት ውስጥ አድርጉና 40 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በትንሽ በትንሹ ጨምሩበት፣ ኮስቲኩን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ ኮስቲኩ እንዳታደርጉ፣ ይፈናጠራል። ጓንትና መነፅር ግድ ነው፣ ዓይን ከነካ ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጡ በውሃ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ። የአልሙኒየም ድስት በፍፁም! እኔ መጀመሪያ ጊዜ በሱ ሞክሬ ድስቱ አረፋ ሲተፋ ነው የደነገጥኩት፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሆነ እሳት አጠገብ ይቀጣጠላል። አመዱን ጨምራችሁ ለአንድ ሰዓት ተኩል በዝግታ አፍሉት፣ የተነነውን ውሃ እየተካችሁ፣ ሲበርድ በታጠፈ ነጭ ጨርቅ ከዛ በፊልተር ወረቀት አጥሩት። ጠርቶ የወረደው ሶዲየም ሲሊኬት ነው፣ ማለትም ሲሊካው ከኮስቲኩ ጋር ተዋህዶ የሟሟበት ፈሳሽ።

ቀጥሎ አዲስ የባትሪ አሲድ፣ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ ሊድ (እርሳስ) ስላለው አይሆንም። አንድ ኩባያ አሲድ ወደ ሶስት ኩባያ ውሃ ጨምሩ፣ እዚህም አሲዱን ወደ ውሃው ነው። ይሄን የቀጠነ አሲድ ሶዲየም ሲሊኬቱ ላይ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ለትንሽ ጊዜ ምንም የተለወጠ አይመስልም፣ ከዛ ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ይደፈርሳል፣ ማማሰያው እየከበደ ይመጣል፣ እንደ አጥሚት ይወፍርና ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ በአንዴ ካፈሰሳችሁት አንዱ ጋ ይረጋል ሌላው ጋ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በፒኤች ወረቀት (አሲድነት በቀለም የሚለካ ወረቀት) 7 ሲያሳይ አቁሙና ክዳን አድርጋችሁ አሳድሩት።

ጠዋት የረጋውን ሰባብሩና በሙቅ የባትሪ ውሃ አራት አምስት ጊዜ እጠቡት፣ ጨዉ ይውጣ። 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርቅ በጣም ያንሳል፣ እንደ ተሰበረ መስታወት ነጫጭ ፍርፋሪ ይሆናል። ስትፈጩት ማስክ አድርጉ።

አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሿ ከረጢት ያለው ነገር ማለት ይሄው ነው። እኔ በቀጭን ጨርቅ ቋጥሬ የዘር ማሰሮ ውስጥ ከትቼ አፉን ግጥም አድርጌ ነው የምዘጋው፣ እርጥበቱን ጠጥቶ ሲጠግብ አውጥቼ በለስላሳ እሳት አደርቀውና መልሼ እከተዋለሁ።